ከኮቴ ጀምር

ኮቴ የሚሉት ሰውዬ አለ። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ግን ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም፣ እሷም ስትናደድ ብቻ ነው የምትጠራው። ሥራው ለፈረስ ብረት ጫማ ማልበስ ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፍሙን አንድዶ መዶሻውን ይዞ ይቀመጣል፤ የሠፈሩ ጋሪ ነጂ ሁሉ ፈረሱን እየጎተተ ይመጣለታል። ሰው ሲተዋወቅ ፊት ያያል፣ እሱ እግር ያያል። ገና ሰላም ሳትለው፣ “አንተ ግራህን ትጎትታለህ፣ ጫማህ በውጭ በኩል አልቋል” ይልሃል። እውነቱን ነው ደግሞ፣ ምን ታደርገዋለህ!

ፈረስ ፊቱ ሲቆም እጁን አንገቱ ላይ ያሳርፍና ዝግ ባለ ድምፅ “ረጋ፣ ረጋ፤ እኔ ነኝ” ይለዋል። ይቺን ብቻ ነው የሚለው። ከዚያ እንኳን ገራሙ፣ ሦስት ሰው ገመድ ይዞ የሚያመጣው ዓመፀኛ ሳይቀር እግሩን ራሱ ያነሣለታል። ነጂዎቹ ድግምት አለው ይላሉ። የለውም፤ ፈረስ ስለሚወድ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የተቀመጠበት ክፍል መስኮቱ በግቢው ላይ ይከፈታል። ባሏ ሲመታ እሷ ስትሰፋ፣ መዶሻውና መኪናው ሲነጋገሩ ነው የሚውሉት። ሻዩን በመስኮት ታቀብለዋለች እንጂ ፈረስ እያለ ወደ ግቢው ብቅ ብላ አታውቅም። ፈረስ ትፈራለች። አትሳቁ፣ ምክንያት አላት። ልጅ ሳለች አንድ ፈረስ ሻሿን ከራሷ ላይ ነጥቆ በልቶባታል። “ሻሹስ ይሁን” ትላለች እስከ ዛሬ፣ “ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ያኘከው!” እንግዲህ ከኮቴ ጋር እንዴት ተጋባች ብትሉኝ፣ ሲያገባት የፈረስ ሰው ነኝ ብሏት አልነበረም፣ ብረት ሠሪ ነኝ ነው ያላት። ብረቱ ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም፣ እሱም አልነገራት።

ታዲያ ፈረስ ሳትነካ የፈረስን እግር እንደሷ የሚያውቅ የለም። ኮቴ ራት ቀርቦ ዝም ማለት አይችልበትማ። እጇን ከሳህኑ ላይ ይስብና ይጀምራል።

“ስሚ! ፈረስ በእግሩ የሚሄድ ይመስልሻል? በጣቱ ጥፍር ነው የሚሄደው!” አራቱን ጣቶቿን አጥፎ መሃለኛዋን ብቻ ያስቀራል። “ይቺ ናት። ያ ሁሉ ሥጋ በዚች በአንዷ ጣት ላይ ነው የሚጋልበው። ይሄ የእጅሽ አንጓ፣ ሰው የፈረስ የፊት ጉልበት የሚለው ነው። ምን ጉልበት! አንጓ ነው። ከሱ በታች ቁራጭ ሥጋ አታገኚም፣ አጥንትና ጅማት ብቻ። እዚህ ጋ ቁርጭምጭሚት መሳዩ፣ ቀጥሎ ሁለት አጫጭር አጥንቶች፣ ከዚያ የመጨረሻዋ፣ ሰኮናው ውስጥ ተሸሽጋ የምትኖረው። ሰኮናው እንግዲህ ጥፍር ነው። ውጪው ሙት ነው፣ ብትቸነክሪው አይሰማውም። ውስጡ ግን ሕያው ነው። በሁለቱ መሃል ነጭ መስመር አለች፣ ካንቺ ክር አትወፍርም። ሚስማር ከሷ ወደ ውጭ ካለፈ ጌታ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ነፍሰ ገዳይ ነው!”

“ራቱ ቀዘቀዘ” ትለዋለች። “እጄንም መልስልኝ፣ የምበላበት ነው።”

“ቆይ እንጂ! ከሥር መሃሉ ላይ ደግሞ ሦስት ማዕዘን የሆነች ለስላሳ ነገር አለች። መሬት በረገጠ ቁጥር እሷ ትጨመቅና ደሙን ወደ ላይ ትገፋዋለች። ስለዚህ ፈረስ አምስት ልብ አለው ማለት ነው! አንዱ ደረቱ ውስጥ፣ አራቱ መሬት ላይ።”

“እኔ ያለኝ አንድ ነው፣ እሱንም አደረቅከው።”

ይህን ሁሉ ሲያወራ አንድ የማይተዋት ሕግ አለችው። ፈረስ ሲያነክስ ከኮቴ ጀምር። ሌላው ሰው ከላይ የሚጀምረው ማጎንበስ ስለሚያስጠላው ነው ይላል። አንካሳ ፈረስ ሲመጣለት ከትከሻ የጀመረ ሰው ካየ ራሱን እየነቀነቀ በሰውየው ያዝንበታል። ስሙም የወጣለት ከዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ኮቴን አንድ ነገር ነክቶታል። ሻዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ ብሎ አየር ላይ አስቀመጠው። አንድ ቀን ደግሞ በሩ ላይ የተሰቀለውን የደንበኛ ካፖርት “ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?” አለው። ካፖርቱ ዝም ሲለው “ይሄስ ኩሩ ነው” ብሎ ትቶት ሄደ። ሚስቱ መርፌዋን አፏ ውስጥ ይዛ አየችው። አንድ ከሰዓት እሷ በሌለችበት መነጽሯን ሰርቆ ዓይኑ ላይ ሰካው። ዓይኑን የሸፈነው ጉም ጭራሽ ሰፋበት። ያን ጊዜ ገባው። አባቱንም በዚህ ዕድሜው የዓይን ሞራ ነበር የጋረደው። ሐኪም ዘንድ ይሂድ እንዳትሉት! ፈረስ ደረቱን ረግጦት ስቆ የተነሣ ሰው፣ በዓይኑ አጠገብ ስለት የያዘ ሰው ሲያስብ መዶሻውን አንሥቶ ወደ ፍሙ ይሸሻል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፤ ሚስማሩን በጆሮው መምታት ጀመረ። በደረቁ ጥፍር ውስጥ የሚሄድ ሚስማር ጥርት አድርጎ ይጮሃል። ወደ ሕያው የተጠጋ ግን ድምፁ ይታፈናል።

ሰኞ ዕለት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ባዝራውን ይዞ መጣ። ጋሪ ነጂ ነው፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ያመላልሳል። ዳለቻዋ ባዝራ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ኩሬ ስታይ ቀሚሷን ሰብስባ እንደምትሻገር ሴት እየተሽኮረመመች ስለምትሄድ “ወይዘሪት” ይሏታል። ኮቴ ሁለቱን የፊት እግሮቿን አዲስ ጫማ አለበሳት። መዶሻው ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ቀኝ እግሯ ላይ፣ ከውስጥ በኩል ሁለተኛው ሚስማር ላይ ሲደርስ፣ ድፍ አለ። ትራስ እንደ መምታት። የኮቴ እጅ አየር ላይ ቆመች። መስኮቱ ውስጥ የስፌት መኪናዋም ቆመች። ወይዘሪት አልደነገጠችም፣ እግሯንም አልነጠቀችም። “እንግዲህ ቢያማት ትናገር ነበር” ብሎ ራሱን አታለለና ቀጠለ።

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሪት እያነከሰች መጣች።

“ጋሼ፣ ምን ሆነችብኝ?” አለ ባለ ጋሪው። “ቀኝ የፊት እግርሽን መሬት አስነኪ ስላት ትቀየመኛለች።”

ኮቴ ወዲያና ወዲህ አስኬዳት። ዓይኑ ባያይም ጆሮው ልቅም አድርጎ ነገረው፤ የሰኞው ድፍ ትዝ አለው። ነጂዎቹ ተሰብስበዋል፣ ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይም ምላጩን ይዞ ከሱቁ ወጥቷል፣ ሁሉም የኮቴን ማጎንበስ ይጠብቃል። ኮቴ ግን አላጎነበሰም። እጁን አነሣና ትከሻዋን ዳሰሰ።

“ትከሻዋ ነው” አለ። “ጋሪው ከብዷት ነው።”

“ጋሪዬ? ጋሪዬ ምን አደረገ?” አለ ባለ ጋሪው ተቆጥቶ።

ትከሻዋ በቅባት ታሸ፤ ሐሙስም አነከሰች። እንግዲያው አንጓዋ ነው ተባለ። አንጓዋ በቀዝቃዛ ውኃ ተነከረ፤ አልሆነም። እንግዲያው ጅማቷ ነው። ለጅማቷ ማሰሪያ ጨርቅ ጠፋና ከሚስቱ ቁራጮች አንዱን ዘርፎ አሰረላት፤ ያ ቁራጭ ደግሞ የአንዲት ሙሽራ እናት ቀሚስ ሊሆን የነበረ፣ በቀይ አበባ ያሸበረቀ ነው። ወይዘሪት አበባ ለብሳ እያነከሰች መንገድ ላይ ስትታይ ሠፈሩ ሥራ ፈታ።

“ጋሽ ኮቴ” አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ “ሁሉን ዳሰስካት፣ ጆሮዋ ብቻ ነው የቀረህ። ሚስማሩንስ አየኸው?”

“ሚስማሩን የመታሁት እኮ እኔ ነኝ!” አለ ኮቴ።

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ ይባላል። የኮቴም መልስ እንደዚያው ነበር።

ነጂዎቹ ሲስቁ ባለ ጋሪው ጠጋ አለው። “ጋሼ፣ እኔ አልጣላህም፣ የእህቴ ባል ነህ። ግን እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ። እስከ ቅዳሜ ካልተሻላት የታችኛው በር ጫማ አልባሽ ዘንድ እወስዳታለሁ። ምን ሆና ነው ብለው ሲጠይቁኝ ደግሞ አልዋሽም።” ባዝራዋንም እዚያው ግቢ አስሮለት ሄደ።

ይቺ ነገር ለኮቴ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ጋሪ ነጂዎች አንዱ የሄደበት ነው ሁሉም የሚሄዱት። የገዛ አማቹ ትቶት ከሄደ ማን ይቀርለታል? መዶሻው ከተወሰደ እሱ ምኑ ነው? ሐሙስ ራት ላይ የሚስቱን እጅ አልሳበም። ራቱ ትኩስ ሆኖ ተበላ፤ ለሚስቱ ግን አልጣማትም።

ዓርብ ከሰዓት ኮቴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ የወይዘሪትን ቀኝ እግር ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ነበር። ሰኮናውን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፣ ያርቃል፣ ያስጠጋል። የሚታየው ሁሉ የተፈላ ወተት ነው። ጉጠቱን አንሥቶ የጠረጠረውን ሚስማር ፈለገና የትኛው እንደነበር ጠፋው። ተሳስቶ ጤነኛውን ቢነቅልስ? ደም ሥሯን ቢቀድባትስ? ጉጠቱን መልሶ አስቀመጠው።

ያኔ የጓሮው በር ተከፈተ። በሩ እንኳ ደንግጦ ሲጥ አለ። ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ፣ ሻሿን ፈትታ ቤት ትታ፣ መቀሷን እንደ ጩቤ ጨብጣ ደፍ ላይ ቆማለች።

“ምነው? ቤቱ ተቃጠለ?” አለ ኮቴ ብድግ ብሎ።

“ያዛት።”

“ማንን?”

“ማን አለ ሌላ! ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙርልኝ። እንዳታየኝ።”

ኮቴ አፉን ከፍቶ አዞረላት። ሚስቱ አንድ እርምጃ መጣች፣ ቆመች፣ በከንፈሯ ጸሎት ቢጤ አነበነበች፣ ደገመች። አጠገቧ ስትደርስ የምትለው ጠፋትና ባሏ የሚለውን አለች። “ረጋ፣ ረጋ። እ… እኔ ነኝ።” ወይዘሪት አንገቷን ጠምዝዛ አየቻት። ማን እንደሆነች ከየት ታውቃለች! ቢሆንም ከመልካም ቤት የወጣች ናትና እንግዳ አላሳፈረችም፤ ዝም አለች።

“ከኮቴ ጀምር አይደል ሕጉ?” አለች ሚስቱ፤ ተቀመጠችና መዳፏን ሰኮናው ላይ አሳረፈች። “ይሞቃል። የግራውን ልየው። የግራው ቀዝቃዛ ነው። ይሄ ደግሞ፣ ከተረከዟ በላይ፣ ይመታል። ድም ድም ይላል! ከአምስቱ ልቦቿ አንዱ ታሟል።”

ኮቴ የባዝራዋን አንገት ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

መቀሷን ገልብጣ በእጀታው የሚስማሮቹን ጫፍ አንድ በአንድ መታ መታ አደረገች። የመጀመሪያው ምንም። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ወይዘሪት እግሯን መንጭቃ ነጠቀች፤ ልብስ ሰፊዋም እሪ ብላ ከሰል ጆንያው ላይ ዘለለች። ባዝራዋም ደነገጠች፣ ኮቴም ደነገጠ፣ ሦስቱም ለጥቂት ጊዜ ተፋጠጡ።

“እሱ ነው!” አለች ከጆንያው ላይ፣ ፊቷ ጠቁሮ። “ከውስጥ ሁለተኛው!”

“በምን አወቅሽ?”

“ሰኞ ሰምቼዋለሁ። መዶሻህን ስሰማ ነው ያረጀሁት፣ ድፍ ሲል አይጠፋኝም። ግን ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ረቡዕ ከትከሻዋ ስትጀምር አወቅኩት። አንተ ከትከሻ ጀምረህ አታውቅም።” ከጆንያው ወረደችና ቀሚሷን አራገፈች። “ዓይንህ ነው አይደል?”

“ጭሱ ነው… ሰሞኑን ከሰሉ…”

“ተው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።”

ኮቴ ባልዲው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ትልቁ ሰውዬ ትንሽ ሆነ። “ነጩ መስመር አይታየኝም” አለ። “ከጠፋኝ ቆየ። ዛሬ ያንቺም ፊት ከዚህ ሆኜ አይታየኝም። ፈራሁ። መዶሻውን ከቀሙኝ እዚህ ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ ነው? ይቺንም አሳመምኳት። ምንም ሳታደርገኝ አሳመምኳት።”

ሚስቱ ልታቅፈው ፈለገች፤ ግን ባዝራዋ መሃላቸው ላይ ነች፣ ዞራ መሄድ ደግሞ በኋላ እግሮቿ በኩል ማለፍ ነው፤ እሱን ፍቅርም አያስደፍራት። ካለችበት ሆና ተናገረች። “እኔም ፈርቼ ነበር። ይኸው፣ ነካኋት። አሁን ተራው ያንተ ነው፤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ። በል ጉጠቱን አንሣ፣ እኔ አሳይሃለሁ።”

ጣቷን ሚስማሩ ላይ አደረገች። እሱም ጣቷን በጣቱ ተከትሎ ጉጠቱን ሰካ፣ ቀስ አድርጎ ሳበ። ሚስማሩ ሲወጣ በቀዳዳው ጥቁር ፈሳሽ ጠብ አለ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። ወይዘሪት ከሆዷ ትልቅ ትንፋሽ አወጣች። ጫማውን አወለቁላት። ሚስቱ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውኃ ከማንቆርቆሪያው እጇን እስከ መጨረሻው ዘርግታ እያፈሰሰች፣ ኮቴ አጠበ። ከዚያ ሰኮናው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቀለለ፤ የሙሽራዋ እናት አበባ እንደገና ሥራ አገኘ። ወደ ማታ ወይዘሪት ያን እግር ሳትሰስት መሬት ላይ አሳረፈችው። ኮቴ ዓይኑ ባያይም ድምፁን ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቅዳሜ ባለ ጋሪው ሲመጣ ኮቴ በር ላይ ጠበቀው። ነጂዎቹም ፀጉር አስተካካዩም ነበሩ።

“ሚስማሩ የኔ ነው” አለ ኮቴ ጮክ ብሎ። “ትከሻዋም ጋሪህም ምንም የለባቸውም። ዓይኔ አያይም። ወደ ሌላ ብትወስዳት አልፈርድብህም።”

ባለ ጋሪው እግሩን እያየ፣ “እናውቃለን እኮ ጋሼ” አለ።

“ምኑን?”

“ዓይንህን። ከካፖርቱ በፊት ጀምሮ። ፈረሶቻችንን ምነው ፀሐይ ወዳለችበት ወዳንድ ጥግ ብቻ የምናስር ይመስልሃል? እንዲታይህ ብለን ነው። ጋሼን እንዴት ብዬ ዓይንህ ጠፋ ልበልህ? ፈራሁህ። ቅዳሜ ያልኩህም ራስህ እንድትናገረው ነው።”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው! ኮቴ ደብቄያለሁ ሲል፣ ለካ አገር ተሸክሞለት ኖሯል። ባለ ጋሪው “እና ሚስማሩን ማን አየልህ?” ሲለው “እህትህ” አለ።

“እትዬ? ፈረስ ነካች? የኛ እትዬ?” ባለ ጋሪው እስኪያስለው ሳቀ። “እንግዲያው ሌላኛውን ፈረስ ሰኞ አመጣዋለሁ። ግን እሷ ከቆመች ነው!”

“እቆማለሁ” አለ ድምፅ ከመስኮቱ። “ግን እያየኝ የሚያኝክ ፈረስ እንዳታመጣብኝ።”

እንዲህ ሆነና ከሰኞ ጀምሮ በዚያ ግቢ ሥራው የሁለት ሰው ሆነ። ሚስቱ የልብስ ማስመሪያ ጠመኔዋን ይዛ ትመጣና፣ ሰኮናው ተገልብጦ ሲያዝላት፣ ነጩን መስመር አይታ ከሷ ወጣ ብላ ሚስማሩ የሚገባበትን ደማቅ አድርጋ ታሰምራለች። እጀታ እንደምትለካ እየተጠነቀቀች። ኮቴም ይመታል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ተራው የደረሰ ዕለት ግን፣ ዓይን ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ያ ጎበዝ ጠፋ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በተረከዙ መሬቱን ይደልቃል። ነርሷ እናቱ ባወጣችለት ስም ስትጠራው ማንን እንደምትፈልግ ዞሮ አየ። ብድግ ብሎ ሁለት እርምጃ ሄደና በሩ ላይ እንደ በቅሎ ተገተረ፤ ቢገፉት አይሄድ፣ ቢስቡት አይሄድ። “ሌላ ቀን ይሁን” አለ። “ዛሬ ግቢው ባዶ ነው፣ ፍሙም አልጠፋም።”

ሚስቱ አልተቆጣችም። ከጎኑ መጣችና እጇን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች። መሃል ጣቷ ላይ ጠመኔው ገና አለ።

“ረጋ፣ ረጋ” አለችው ዝግ ባለ ድምፅ። “እኔ ነኝ።”

ኮቴ እግሩን አነሣ።